የ2 ሰዓት ጨለማ፣ የ15 ሴኮንድ ፊልም

ጡረታ የወጣች ነርስ በጋዜጣ ስትጽፍ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር ሕመም እንድታወራ ይጠበቃል። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ከዋክብት ነው። ከልጅ ልጄ ጋር ሆኜ የተማርኩት ነገር አለ፤ የሌሊቱን ሰማይ በካሜራ ደጋግሞ በማንሳት ከዋክብት ሲወጡና ሲጓዙ የሚያሳይ አጭር ፊልም መሥራት። ወጣቶቹ «ታይም ላፕስ» ይሉታል። ከልጅ ጋር ለማውራት ርዕስ ላጣ ወላጅ፣ የልጅ ልጅ ለሚያሳድግ አያት ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ነው የምጽፈው።

ነገሩ እንዴት ነው?

ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሳይነቃነቅ ይቆማል። አንዱን የሰማይ ክፍል በየ20 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ ያነሳል። ይህ በ1 ሰዓት 180፣ በ2 ሰዓት 360 ፎቶ ይሆናል። ፊልም ማለት ደግሞ ዓይናችን ፊት በፍጥነት የሚያልፍ የፎቶ ሰልፍ ነው። በሴኮንድ 24 ፎቶ እንዲያልፍ ካደረግነው 360ው ፎቶ በ15 ሴኮንድ ያልቃል። የ2 ሰዓት ሌሊት በ15 ሴኮንድ ታየ ማለት ነው።

ቀና ብለን ስናይ ከዋክብት የቆሙ ይመስሉናል። ምድር ግን በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ በ2 ሰዓት 30 ዲግሪ ማለት ነው። ክንዳችሁን ወደፊት ዘርግታችሁ ብትጨብጡ የጡጫችሁ ወርድ 10 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ስለዚህ አሁን በምሥራቅ ከዛፉ ጫፍ ብቅ ያለች ኮከብ ከ2 ሰዓት በኋላ ሦስት ጡጫ ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች በምሥራቅ የሚወጡት ከዋክብት ቀጥ ብለው ነው የሚነሱት ማለት ይቻላል። በአውሮፓ ሰማይ ግን ያዘነበሉ ሆነው ይወጣሉ። ይህን ልዩነት ፊልሙ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ለእኔ ነገሩ የገባኝ በሙያዬ በኩል ነው። በሌሊት ተረኝነት ዘመኔ የሕመምተኛውን ትኩሳት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት በየ4 ሰዓቱ እየለካን ቻርቱ ላይ እንመዘግብ ነበር። አንዱ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ነጥቦቹ በመስመር ሲያያዙ ግን ሰውየው እየተሻለው ይሁን እየባሰበት ይታያል። ታይም ላፕስም የሰማይ ቻርት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በዝግታው ምክንያት የማናየውን ጉዞ ያሳየናል።

እኛ ቤት እንዴት ገባ?

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጨረቃ ፀሐይን ጋርዳ ላሊበላ ላይ ፀሐይ እንደ ቀለበት የታየችበትን ቀን ታስታውሳላችሁ። እኛ አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ ሆነን፣ ካርቶን በመርፌ በስተን፣ የፀሐይዋን ምስል ነጭ ወረቀት ላይ አሳርፈን አየን። እኔ፣ ልጄና የ9 ዓመቱ የልጅ ልጄ ነበርን። በዚያ ቀን የጀመረው የሰማይ ፍቅር እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ልጄ በማግሥቱ ዓመት ለሥራ ዱባይ ሄደች። እስካሁን እዚያው አንድ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች፤ ልጁን የማሳድገው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ላይ በስልክ ሲያገኛት ወሬው አያልቅም ነበር። 13 ዓመት ከሞላው ወዲህ ግን «ደህና ነኝ»፣ «በልቻለሁ»፣ «ትምህርት ጥሩ ነው» ይልና ስልኩን ያቀብለኛል። ቪዲዮውንም ማጥፋት ጀመረ። እሷ «ምን ሆኖብኝ ነው፣ እማዬ?» ትለኛለች። እሱን ስጠይቀው «ምንም» ይላል። ልጆቻቸው ዓረብ አገርም ሆነ አሜሪካ ሄደው የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ አያቶች ይህን «ምንም» በደንብ ያውቁታል። እናቱ የሰማይ ፍቅሩን ስለምታውቅ፣ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ ያገለገለ የካኖን ካሜራ ላከችለት።

ቦታና ጊዜ መምረጥ

ከአዲስ አበባ መሐል መሞከር ብዙም አያዋጣም። የመንገዱና የሕንፃው መብራት ሰማዩን ያነጣዋል፤ ካሜራው ደግሞ ለብዙ ሴኮንድ ክፍት ስለሚሆን ይህን ብርሃን ሰብስቦ ኮከቦቹን ያጠፋቸዋል። ሕፃን ሆነን እናያቸው የነበሩት ከዋክብት ከከተማ ልጆች ዓይን እየራቁ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። ከከተማ ወጣ ያለ የዘመድ ግቢ ከሁሉ ይሻላል። እኛ የሄድነው ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ወዳለው የወንድሜ ግቢ ነው። በምዕራብ የጉራጌ ተራሮች ይጋርዳሉ፤ በምሥራቅ ግን ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚወርደው ሜዳ ክፍት ነው። ግቢው አጥር ስላለውም የጅብ ስጋት የለም። ከልጅ ጋር ሆናችሁ ሜዳ ላይ አትደሩ።

ጨረቃ የሌለችበት ሌሊት ምረጡ። ለዚህ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሂጅራ ወር መጨረሻና መጀመሪያ ቀናት ሌሊታቸው ጨለማ ነው። ከሙሉ ጨረቃ በኋላም ጨረቃ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ የምሽቱ ክፍል ነፃ ይሆናል።

የካሜራው ነገር

ካሜራውን የሚነካው የልጅ ልጄ ነው፤ እኔ እንደ ቀዶ ጥገና ክፍል ረዳት ባትሪና ባትሪ መብራት አቀባይ ነኝ። ያም ሆኖ ሥራውን ተምሬዋለሁ።

አንደኛ፣ ሁሉም ነገር በእጅ መስተካከል አለበት። ካሜራው በራሱ እንዲወስን ከተተወ እያንዳንዱን ፎቶ በተለያየ ብርሃን ያነሳና ፊልሙ ብልጭ ድርግም ይላል። የቀለም ሚዛኑም እንደዚሁ አንድ ቦታ ላይ ይቆለፋል።

ሁለተኛ፣ የሌንሱ ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። የእኛ ሌንስ በሰፊው እይታው፣ ማለትም በ18 ሚሊ ሜትር፣ እስከ ኤፍ 3.5 ይከፈታል። የብርሃን ስሜቱን፣ አይኤስኦ የሚሉትን፣ 3200 ላይ አደረግነው።

ሦስተኛ፣ አንዱ ፎቶ ለስንት ሴኮንድ ይነሳ? ከበዛ ኮከቦቹ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ሰረዝ ይሆናሉ። ፎቶ አንሺዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፤ 500ን ለሌንሱ ሚሊ ሜትር ማካፈል ነው። የእኛ ዓይነቱ ካሜራ ብርሃን መቀበያው አነስ ያለ ስለሆነ 18ቱ መጀመሪያ በ1.6 ይባዛና 29 ገደማ ይሆናል። 500 ለ29 ሲካፈል 17 ይመጣል። እኛ 15 ሴኮንድ አደረግነው፤ ካሜራው ፎቶውን ጽፎ እስኪያስቀምጥ 5 ሴኮንድ ጨመርን፤ 20 ሆነ።

አራተኛ፣ ፎከሱ። ራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገው ማብሪያ ይጠፋና በስክሪኑ ላይ አንዲት ደማቅ ኮከብ አጉልቶ እያዩ፣ ትንሽ ነጥብ እስክትሆን ቀለበቱን ማዞር ነው። ከዚያ በኋላ ሌንሱን ማንም አይነካውም።

ከዚህ ሌላ ካሜራው በየ20 ሴኮንዱ እንዲያነሳ የሚያዝ ኢንተርቫሎሜትር የሚባል ትንሽ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ካሜራዎች ግን ከውስጣቸው አላቸው። ብርድ ባትሪ ስለሚያደክም ሙሉ ባትሪና መለዋወጫ ይያዝ። የሚሞሪ ካርዱም ሰፊ ይሁን፤ ራው በሚባለው ዓይነት አንዱ ፎቶ 25 ሜጋባይት ቢሆን 360ው 9 ጊጋባይት ይሆናል። ደግሞም ከፎቶው ግርጌ ጎጆ ወይም ዛፍ ይግባበት። መሬቱ ቆሞ ሰማዩ ሲንቀሳቀስ ነው ጉዞው የሚታየው።

አሁን ነርሷ ትናገር

ከብርሃን ወደ ጨለማ ስንወጣ ዓይናችን ወዲያው አይለምድም። በጨለማ የሚያዩት የዓይን ሕዋሳት ሥራቸውን በደንብ እስኪጀምሩ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋሉ። በዚህ መሐል አንድ ጊዜ የስልክ ስክሪን ማየት ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። ቀይ ብርሃን ግን እነዚህን ሕዋሳት ብዙም አይረብሽም፤ ባትሪ መብራታችሁን በቀይ የስጦታ መጠቅለያ ላስቲክ ሸፍኑት። ደብዘዝ ያለች ኮከብ ለማየት ደግሞ በቀጥታ አትመልከቷት፤ ዓይናችሁን ትንሽ ወደ ጎን አድርጉ። የዓይናችን መሐል ለጨለማ የሚሆኑት ሕዋሳት የሉትም።

እነዚህ ሕዋሳት ቫይታሚን ኤ ይፈልጋሉ። ልጅ ሲመሽ የሚደናቀፍ፣ ዕቃውን የሚዳብስ ከሆነ ዳፍንት ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ አታስቀሩ። ካሮት፣ ጎመን፣ እንቁላልና ጉበትም ምንጮቹ ናቸው። በእኛ ዕድሜ ደግሞ የዓይን ብሌን እየጠበበ ስለሚሄድ ጨለማ መልመድ ይዘገያል። መብራት ዙሪያውን ቀለበት ሠርቶ የሚታየው፣ ወይም ሰማዩ ጭጋግ የለበሰ የሚመስለው ሰው የዓይን ሞራ እንዳለው ይመርመር።

በእኛ ዕድሜ መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም። ወንበራችሁን፣ የትራይፖዱን እግርና የመጸዳጃ ቤቱን መንገድ በቀን ብርሃን ለዩ። በበጋ ወራት ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ጋቢ፣ ኮፍያ፣ ካልሲና ትኩስ ነገር በፔርሙዝ ያዙ። ከ2,000 ሜትር በታች ባለ ቆላማ ቦታ ከሆናችሁ ወባን አስቡ፤ እጅጌው ረጅም ልብስ ልበሱ፤ ስትተኙም አጎበር ውስጥ ይሁን። አንድ ነገር ደግሜ ላሳስብ፤ ካሜራም ሆነ ዓይን ወደ ፀሐይ አይቅና። የዓይን መረብ ሕመም ስለማይሰማው ልጁ ሲቃጠል አያውቅም።

የጥበቃው 2 ሰዓት

በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ካሜራውን ወደ ምሥራቅ አዙረን ጀመርን። በመጽሐፈ ኢዮብ ስሙ የተጠቀሰው ኦሪዮን፣ ሦስቱ የመቀነቱ ኮከቦች ቀጥ ብለው ተደርድረው፣ ከግራሩ በላይ ወጥቷል። ካሜራው «ቀጭ» ይላል፤ ከ15 ሴኮንድ በኋላ ይዘጋል፤ ደግሞ «ቀጭ» ይላል። እኛ መብራት የለንም፤ ስልኮቻችን ቤት ውስጥ ናቸው። ጋቢ ተከናንበን ጎን ለጎን ተቀምጠናል። መጀመሪያ ስለ ሳተላይት፣ ስለ ተወርዋሪ ኮከብ አወራን። ከዚያ ዝም ተባለ።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሄደ፣ «እማምዬ፣ እማዬ ስትመጣ ትለየኛለች?» አለኝ።

ድምፁ ወፍሯል፤ ቁመቱ ከእኔ በልጧል፤ ፊቱ ላይ ብጉር ወጥቷል። እሷ የምታውቀው ትንሹን ልጅ ነው ብሎ ያስባል። ቪዲዮውን የሚያጠፋው ለዚህ ኖሯል። በሥራ ዘመኔ ሕመምተኛ ለሐኪሙ ጠዋት ያልነገረውን ሌሊት ለተረኛዋ ነርስ ሲነግር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ጨለማ ውስጥ ፊት አይታይም፤ ለሚናገረውም ለሚሰማውም ይቀላል። «ትለይሃለች፣ ልጄ» አልኩት። ምክር አላበዛሁበትም። ቀጥሎ እሱ ብዙ አወራኝ፤ የነገረኝን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ የእሱ ነው። 4 ሰዓት ላይ ካሜራው 360ኛውን ሲያነሳ ገና ወሬያችን አላለቀም ነበር።

ፊልሙን መቀመር

በማግሥቱ ፎቶዎቹን የአጎቱ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ገለበጣቸው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። አንዱን ፎቶ መርጦ ብርሃኑን፣ ቀለሙንና ጥራቱን ማስተካከል፤ ያንኑ ማስተካከያ ለ360ዎቹም እኩል መስጠት፤ በቁጥራቸው ተራ ማስቀመጥ፤ ከዚያም በቪዲዮ ማቀናበሪያ ውስጥ በሴኮንድ 24 አድርጎ ማሰለፍ። ፎቶ ለማስተካከል ላይትሩም የሚባለው በክፍያ፣ ዳርክቴብል የሚባለው በነፃ ይገኛል። ለቪዲዮው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቅጂ አለው። ያንኑ ፎቶ ሁሉ አንድ ላይ ደራርቦ ከዋክብት በሰማይ ላይ ያሰመሩትን ክብ መስመር የሚያወጣ ስታርስታክስ የሚባልም አለ፤ እሱም በነፃ ነው።

እዚህ ላይ ለልጁ የምትነግሩት ቁም ነገር አለ። ብርሃን ማስተካከል አለ፤ የሌለ ነገር መጨመርም አለ። ሰማዩን ወይን ጠጅ የሚያስመስል፣ ከሌላ ቦታ የተነሳ ፍኖተ ሐሊብን ቆርጦ ጎጆው ላይ የሚለጥፍ ብዙ ነው። የእኛ ፊልም ላይ የሚያልፍ አውሮፕላን አለ፤ አንድ የመኪና መብራትም ዛፉን ለቅጽበት ያበራዋል። የልጅ ልጄ «ይቆይ፣ የነበረው ይኸው ነው» ብሎ ተወው። እንደ ቻርት ጸሐፊነቴ ደስ አለኝ።

15 ሴኮንዷ ፊልም ዱባይ ደረሰች። እናቱ ከሥራ ስትወጣ አይታት ደወለች። «ሦስቱን ኮከቦች እኔም ከጣሪያ ላይ አያቸዋለሁ» አለችው፤ የከተማው መብራት ሌላውን ሲያጠፋው እነሱን አላጠፋቸውም። ከዚያ አስተማሪው እሱ ሆነ። ዱባይ ከእኛ ወደ ሰሜን ስለምትርቅ የሰሜን ኮከብ ለእሷ 25 ዲግሪ፣ ቡታጅራ ላይ ለእኛ 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብላ እንደምትታይ፣ የደቡብ መስቀል የሚባሉት አራት ከዋክብት ግን ለእሷ መሬት ላይ ሊነኩ ምንም እንደማይቀራቸው አስረዳት። እሷ አላመነችም መሰለኝ፣ በጣት ልታሳየው ካሜራዋን ከፈተች። እሱም የራሱን ከፈተ። «ውይ፣ አባቴ፣ አድገሃል!» ስትል ከወጥ ቤት ሰማኋት። 40 ደቂቃ አወሩ። አሁንም «ምንም» የሚልባቸው ቀናት አሉ፤ ቪዲዮውን ግን አያጠፋም።

ካሜራ ለሌላችሁ

ስልክ ይበቃል። በብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮች «ፕሮ» ወይም «ናይት» የሚለው ክፍል ከ10 እስከ 30 ሴኮንድ ድረስ ክፍት ሆኖ ያነሳል። ታይም ላፕስ የሚለውም ከውስጡ አለ። የጉግል ፒክስል ስልኮች ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለከዋክብት የተለየ ማንሻ አላቸው፤ እስከ 4 ደቂቃ ይቆያል። ትራይፖድ ከሌለ ካልሲ ውስጥ ሽንብራ ሞልታችሁ ስልኩን እላዩ ላይ አስደግፉት። ጣታችሁ እንዳያነቃንቀው በሰዓት ቆጣሪው አስነሱት።

የሚታየውም በየወሩ ይለያያል። ኅዳርና ታኅሣሥ ምሽት ኦሪዮን በምሥራቅ ይወጣል፤ በታኅሣሥ 4 እና 5 ሌሊት ደግሞ ጀሚኒድስ የሚባሉት ተወርዋሪ ኮከቦች ይበዛሉ። በመጋቢት ማለቂያ አካባቢ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ለሚነሳ ብርቱ ሰው የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ ክፍል በደቡብ ምሥራቅ ይጠብቀዋል። ሚያዝያ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ግድም የደቡብ መስቀል በደቡብ ሁለት ጡጫ ከፍ ብሎ ይቆማል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው አይፈቅድም፤ ያን ጊዜ ያነሳችሁትን አቀናብሩ።

ልጆቹን ካሜራውን ያስነሱ፤ እናንተ ወንበሩን ያዙ። መልካም ሌሊት ይሁንላችሁ።